ሸራ ሰፊው የሌለበት ምዕራፍ

ሚጡ የሚለው ስም የወጣላት በአራስነቷ ነው። የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ስለነበረች እናቷ በቁልምጫ እንደጠራቻት ቀረ። ልጅቷ አደገች፣ ተማረች፣ ሥራ ያዘች፣ ጆሮ ግንዷ ላይ ሽበት ብቅ ብቅ አለ፤ ስሙ ግን ንቅንቅ አላለም። የምትሠራበት ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ እንኳ ትልልቅ ሰዎች በተሰበሰቡበት «ይህን ጉዳይ ሚጡ ታብራራልን» ይላል፤ እሷም ኮስተር ብላ ታብራራለች።

ክፍሏ ምድር ቤት ነው። በሩ ላይ «የውሰትና የሰነድ ልውውጥ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። ውስጡ ጠረጴዛ፣ ኮምፒውተር፣ ስካነር፣ በየሰዓቱ ወረቀት የሚያኝክ ማተሚያ፣ ከጣሪያው ሥር ደግሞ የአላፊ አግዳሚውን ጫማ ብቻ የምታሳይ ጠባብ መስኮት አለች። ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። አንባቢ የፈለገው መጽሐፍ እዚህ ከሌለ፣ ሚጡ የትኛው ቤተ መጻሕፍት ዘንድ እንዳለ አፈላልጋ በትሕትና ትጠይቃለች። ፈቃዳቸው ከሆነ መጽሐፉ ተጠቅልሎ በፖስታ ይመጣል፤ ተነቦ በቀኑ ይመለሳል። መንገድ የማይችል አሮጌ መጽሐፍ ከሆነ ግን የተፈለገው ምዕራፍ ብቻ ስካን ተደርጎ በኢሜይል ይላካል። እሱም ቢሆን ደንብ አለው፤ ለአንድ አንባቢ ከአንድ መጽሐፍ አንድ ምዕራፍ። «ታዲያ አንቺ ሥራሽ ምንድነው?» ብለው ለሚጠይቋት «አማላጅ ነኝ» ትላለች። «እነሱ ልጃቸውን ይሰጡኛል፣ እኔ በሰላም እመልሳለሁ።»

የዚህ ክፍል ትልቋ ደንበኛ እናቷ ነበረች። እናትየው እጅ ላይ መጽሐፍ አይበረክትም። ሚጡ የምትሠራበትን ቤት መደርደሪያ ጨርሳ የሌላ ከተማ መደርደሪያ ላይ ዓይኗን የጣለች ሴት ነበረች። ለብቻዋ ግን አላነበበችም። ባሏ ልብስ ሰፊ ነው፤ ማንበብ ያውቃል፣ ዓይኑ ከመርፌው ስለማይነሳ ግን መጽሐፍ የሚገባው በጆሮው በኩል ነው። ቀን ቀን እሷ ታነባለች። ሲመሻሽ፣ የስፌት መኪናው ዝም ብሎ የእጅ ሥራው ሲጀመር፣ ቁልፍ መትከሉ፣ ገበር ማያያዙ ሲመጣ፣ ወንበሯን ወደ እሱ አስጠግታ ያነበበችውን ትነግረዋለች። መጽሐፉ ተዘግቶ ጉልበቷ ላይ ነው፤ እጇ ሽፋኑ ላይ፣ ዓይኗ ደግሞ እሱ ላይ።

የመጨረሻው መጽሐፍ ከሩቅ ቤተ መጻሕፍት የመጣ፣ ስለ አንዲት መሻገሪያ ጀልባ የሚተርክ ወፍራም ልቦለድ ነበር። ሰፊ ወንዝ አለ። ባለ ጀልባዋ ባሏ የሞተባት ብርቱ ሴት ናት፤ ሰው ታሻግራለች። አንድ መሐንዲስ ይመጣና ወንዙ ላይ ድልድይ ልሥራ ይላል። ድልድዩ ካለቀ ጀልባዋ ምን ልትሆን ነው? የመጽሐፉ ጭንቀት ይህ ነው። ልብስ ሰፊው ግን ለድልድዩም ለመሐንዲሱም ደንታ አልነበረውም። ልቡን የወሰደው ሸራ ሰፊው ነበር፤ ከጀልባዋ ኋላ ተቀምጦ ጀልባዋን በነፋስ የሚገፋውን የተቀደደ ሸራ የሚጠግን፣ በሆነው ባልሆነው የሚያጉረመርም ሰውዬ።

ልቡን የወሰደው በፍቅር አይደለም፣ በንዴት ነው።

«ይኼ ሰውዬ ዛሬም አለ?» ይላል፣ እሷ ገና ወንበሯን ሳታስጠጋ።

«አለ እንጂ። የት ይሄዳል?»

«ምን አለ ደግሞ ዛሬ?»

«ሾርባው ጨው በዝቶበታል አለ።»

«ተወው ታዲያ?»

«ሳህኑን ላሰው።»

«አየሽ? አየሽ እንግዲህ? ይኼን ሰው ለምን አንስታ ወንዙ ውስጥ አትጨምረውም?»

እናትየው እንባዋ እስኪመጣ ትስቃለች። ሚጡ ከጓዳ ሆና ትሰማለች፤ በአንድ የመጽሐፍ ሰውዬ እንዲህ የሚሳቅበት ቤት ውስጥ መኖሯ ደስ እያላት ሳህን ታጥባለች።

ከዚያ እናትየው ታመመች። ሕመሟ ረጅም አልነበረም። መጽሐፉ የመመለሻ ቀኑ ደረሰና ተመለሰ፤ እሷ አልተመለሰችም።

ልብስ ሰፊው ከቀብሩ በኋላ ከቤት መውጣት ተወ። መርፌም አልነካም። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሰው በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቅና ተስፋ ቆርጦ ይሄዳል። ማንም ምንም ቢለው «እሺ» ነው መልሱ። ብላ ሲሉት እሺ፣ ተኛ ሲሉት እሺ፤ አይበላም፣ አይተኛም። አንድ ቀን ሳያስታጉል የሚመጣው ጎረቤቱ ፀጉር ቆራጩ ብቻ ነበር። ፀጉር ቆራጩ ራሱ ላይ አንዲት ፀጉር ስለሌለች ሰፈሩ በሙሉ «መላጣው» ይለዋል። እሱም አይከፋውም፤ «ዳቦ ጋጋሪ ሁሉ ወፍራም ነው እንዴ?» ብሎ ይመልሳል።

መላጣው ጓደኛውን ለማናደድ ያልቆፈረው ጉድጓድ የለም። ያለፈው ዓመት የሰፋለትን ሱሪ ተቸ፤ «እሺ» ተባለ። ሌላ ልብስ ሰፊ ዘንድ ያሰፋውን ሸሚዝ ለብሶ ፊቱ ተንጎራደደ። ልብስ ሰፊው ቀና ብሎ አየውና «ያምርብሃል» አለው። መላጣው ያን ዕለት ሚጡን ደጅ ጠርቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የኔ ልጅ፣ ነገሩ ጠንክሯል» አላት።

እንዲህ ሲሆን ሰነበተና አንድ እሑድ ምሳ ላይ፣ ልብስ ሰፊው ማንኪያውን ሾርባው ውስጥ እያዞረ፣ «ለመሆኑ ያ ሰውዬ ተመለሰ?» አለ።

«የቱ ሰውዬ አባዬ?»

«ሸራ ሰፊው ነዋ። የድልድዩ ምሰሶ የተናደ ጊዜ ተቆጥቶ ከጀልባዋ ወርዶ ነበር። ይመለሳል ወይ ብላት እናትሽ ነገ እነግርሃለሁ እንዳለችኝ…» ማንኪያውን አስቀመጠ። «እንዲያው ነው። ሳልሰማው ቀረሁ ብዬ ነው።»

ከቀብሩ ወዲህ ከአፉ የወጣ የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ነበር። ሚጡ «እኔ አመጣልሃለሁ» አለች። አማላጅ ሆና የኖረችው ታዲያ ለማን ኖሯል?

ሰኞ ጠዋት ኮቷን ሳታወልቅ ጥያቄውን ላከች። መልሱ ቶሎ መጣ። መጽሐፉ ባለፈው የመልስ ጉዞ ጀርባው ስለተሰበረ ከእንግዲህ ከቤት አይወጣም፤ የሚፈለገው ምዕራፍ ከታወቀ ግን ስካን ተደርጎ ይላካል ይላል። ከሥሩ የክፍሉ ስም እንጂ የሰው ስም የለበትም። የዚያኛው ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ስሟን ጽፋ አታውቅም። ሚጡ የምታውቃት በአውራ ጣቷ ነው። ከዚያ ቤት የሚመጣ ስካን ሁሉ ጥጉ ላይ ገጹን የያዘ የሴት አውራ ጣት አለው፤ ወረቀቱ እንዳያዳልጣት የላስቲክ ቆብ ያጠለቀችበት፣ አንዳንዴ ሰማያዊ፣ አንዳንዴ ቀይ። ሚጡ በልቧ «እመት አውራ ጣት» ብላ ሰይማታለች። ድምፅዋን ሰምታ አታውቅም፤ ግን ቀይ ቆብ ያጠለቀች ቀን ሴትዮዋ ደስ ያላት እየመሰላት እሷም ደስ ይላታል።

ምሰሶው ከተናደ ቀጥሎ ያለው ምዕራፍ በአባቷ ስም ተጠየቀ። በማግስቱ ደረሰ፤ ቆቡ ቀይ ነበር። ሚጡ አትማው፣ ከዝናብ በኮቷ ሸሽጋው፣ ቤት ገባች። መላጣው ወሬውን ሰምቶ ኖሮ የአንድ ደንበኛውን ጭንቅላት ግማሽ ላይ ትቶ መጣ።

«ሰውየውን ምን አልከው?» አለችው ሚጡ።

«ይጠብቃል» አለ ወንበር እየሳበ። «እንደዚያ ሆኖ የት ይሄዳል?»

ማንበብ ጀመረች። ትንሽ እንደሄደች ባለ ጀልባዋ ገመዱን ስትጎትት፣ ጀልባዋም በገመድ ወደ ማዶ ስትሻገር የሚል ነገር መጣ። ልብስ ሰፊው ጣቱን አነሳ።

«ቁሚ። በገመድ? ሸራውስ?»

«ገመድ ነው የሚለው አባዬ።»

ልብስ ሰፊው አሰበበት። «ገባኝ» አለ። «እሱ ስለወረደ ሸራውን የሚጠግን ጠፋ። ተቀዶ ቀርቷል ማለት ነው። የእጇን አገኘች። ቀጥይ።»

ቀጠለች። መሐንዲሱ መጣ፣ መሐንዲሱ ሄደ፣ ወንዙ ሞላ፣ ምዕራፉ አለቀ። ሸራ ሰፊው ብቅ አላለም።

«ዘለልሽ እንዴ?»

«አንድም ቃል አልዘለልኩም።»

«እስቲ የገጹን ቁጥር እዪው።»

አየች። ቁጥር የለም። በየገጹ ጥግ፣ ቁጥሩ መኖር በነበረበት ቦታ ላይ ያቺ አውራ ጣት ተንሰራፍታለች።

«ይኸውላችሁ» አለ ልብስ ሰፊው፤ ነገሩ እንደተፈታለት ሰው ወንበሩን ተደገፈ። «ሁለት ሁለቱን ገልጣዋለች። ሰውየው መሐል ቀርቷል።» ይህን ብሎ ፊቱ የቆየውን የእራት ሾርባ ወደ ራሱ ሳበ፤ ቀመሰና «ጨው በዝቶበታል» አለ፤ ጨረሰው። ሚጡ ሳህኑን ስታነሳ ከሳህኑ ይልቅ ያስደሰታት ወቀሳው ነበር።

በማግስቱ ለእመት አውራ ጣት የተለመደውን አረፍተ ነገር ጻፈች። የተላከው ሰነድ የጎደሉ ገጾች ያሉት ስለሚመስል እባክዎ ተመልክተው በድጋሚ ይላኩልን። በድጋሚ ተላከ። አውራ ጣቷ በዚህ ጊዜ ወደ ላይኛው ጥግ ሸሽታ ቁጥሮቹን ገልጣቸዋለች፤ ቁጥሮቹም አንዱ ካንዱ ተያይዘው ይሄዳሉ። የጎደለ ገጽ የለም። ሸራ ሰፊም የለም።

«የሚቀጥለው ምዕራፍ ላይ ነው የሚመጣው» አለ ልብስ ሰፊው። «ተንኮለኛ ነው፣ አውቀዋለሁ። ናፍቀውት እስኪጠሩት ይጠብቃል።»

የሚቀጥለውን ግን እሱ መጠየቅ አይችልም፤ ደንቡ አንድ ምዕራፍ ነው። ስለዚህ መላጣው ፀጉር ቤቱን ዘግቶ፣ ካፖርቱን ቆልፎ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄደ። ላይ ቤት ያለችው መዝጋቢ የአባልነት ፎቶ ስታነሳው «እባክዎ ኮፍያዎን ያውልቁ» አለችው። አወለቀ። «እሺ፣ መልሰው ያድርጉት፣ ያብለጨልጫል» አለችው። ይህን ታሪክ ከዚያ ወዲህ ያልነገረው ደንበኛ የለም።

የመላጣው ምዕራፍ መጣ። በእሱ ምዕራፍ መሐንዲሱ ወንዙ ውስጥ ይወድቃል፤ ባለ ጀልባዋ በፀጉሩ ይዛ ታወጣዋለች። መላጣው በደስታ ጉልበቱን መታ። «ፀጉር ጥቅም አለው ስል ማን ሰማኝ?» አለ። ልብስ ሰፊው ግን ፊቱ ጠቁሮ ቤቱ ውስጥ ይንጎራደድ ጀመር።

«አልቀበልም» አለ። «የተቆራረጠ መጽሐፍ ነው የላኩልን። ወይ ሌላ እትም ነው። ደውይላት። ሥራሽን አታውቂም በያት።»

«አባዬ፣ እንደዚያማ አይባልም።»

«እንግዲያው አሳምረሽ በያት። ግን በያት።»

ከቀብሩ ወዲህ «አልቀበልም» ያለበት ቀን ያ ነበር። መላጣው ከጀርባው ሆኖ ሚጡን ጠቀሳት።

ሚጡም በማግስቱ ጻፈች። ሥራው ላይ ስትኖር እንዲህ ያለ ቅሬታ ጽፋም አንብባም አታውቅም። ገጾቹ የተሟሉ ቢሆኑም በልቦለዱ ውስጥ ዋና የነበረ ሸራ ሰፊ የሚባል ሰው ስለጠፋ፣ እትሙ ትክክለኛው መሆኑ እንዲጣራልን በአክብሮት እንጠይቃለን። ላከችው። ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ።

«የውሰት ክፍል ነው?»

«አዎ፣ ነው።»

«እኔ ሰነዱን የምልክልዎት ነኝ» አለ ጎርነን ያለ የሴት ድምፅ። «ብዙ ቅሬታ ሰምቻለሁ። ጠቁሯል፣ ተንጋዷል፣ ጣትሽ ገብቷል ተብያለሁ። ሰው ጠፍቷል የሚል ግን የዛሬው የመጀመሪያዬ ነው።»

«ይቅርታ፣ እኔ…»

«ይቅርታ አያስፈልግም። እኔም ተጠራጥሬ መጽሐፉን አውርጄ ከዳር እስከ ዳር አገላበጥኩት። የምሳ ሰዓቴን በላብኝ። ሸራ ሰፊ የሚባል የለም።»

«ምናልባት መጀመሪያዎቹ ላይ፣ የተቀደደውን ሸራ ሲጠግን?»

«እመቤቴ፣ ጀልባዋ እኮ ሸራ የላትም። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ በገመድ ነው የምትጎተተው።»

ሚጡ ቀና ብላ አየች። በመስኮቷ በኩል አንድ ቡናማ ጫማ አለፈ።

«እስቲ ሰውየውን ግለጪልኝ» አለች ሴትዮዋ፤ አንቱታው የት ላይ እንደወደቀ ሁለቱም ልብ አላሉትም። «በሌላ ስም ይኖር ይሆናል። ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«እንግዲህ… መርፌ በከንፈሩ ይዞ ነው የሚያወራው። ስለዚህ ማንም አይሰማውም። አልሰማችሁኝም ብሎ ደግሞ ይቆጣል።»

«እሺ።»

«ያቀረቡለት ሁሉ ጨው በዝቶበታል፤ ሳህኑን ግን ጠርጎ ነው የሚነሳው። አመሰግናለሁ ካሉት ያፍርና ይሳደባል። ቁልፉ የላላ መንገደኛ ካየ ደግሞ ዕረፍት የለውም፤ ሳያስፈቅድ፣ ሰውየው እንደቆመ፣ ልብሱ ላይ…»

ንግግሯን ገታች።

«አለሽ?»

«አለሁ።»

«ልብሱ ላይ ምን?»

«ይተክልለታል» አለች ሚጡ። ድምፅዋ ቀጠነ። «ቁልፉን ልብሱ ላይ እንዳለ ይተክልለታል። ይቅርታ፤ ሰውየውን ያገኘሁት መሰለኝ።»

«የት? የትኛው ምዕራፍ?»

«መጽሐፉ ውስጥ አይደለም። እቤት ነው ያለው። አባቴ ነው።»

ከወዲያኛው ጫፍ መጽሐፉ ሲከደን ተሰማ። «መጽሐፉን ማን ነበር የነገረው?» አለች እመት አውራ ጣት በቀስታ።

«እናቴ።»

«እሷን ብትጠይቋትስ?»

«የለችም።»

እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም ምን እንደሚባል የውሰት ክፍል ደንብ ላይ አልተጻፈም። ሁለቱም ትንሽ ስለ ስካነር ጥራት አወሩና ስልኩን ዘጉ።

ሚጡ ወደ ቤት የሄደችው በእግሯ ነው፤ አውቶቡሱ ቶሎ እንዳያደርሳት ፈርታ። ስትሄድ የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። አባቷ ከመሬት የተነሳው ይህን ጥያቄ ይዞ ነው፤ ምርኩዙ እሱ ነው። አሁን መጨረሻውን የትም አጥታለች። በዓለም ላይ ባለ በየትኛውም ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ የለም፤ የነበረው በአንድ ሰው አፍ ውስጥ ነው። ይህን የምትነግረው በምን አንደበት ነው?

ስትገባ ልብስ ሰፊውና መላጣው ጠረጴዛው ላይ ሻይ ይዘው ይጠብቋታል።

«አልደወልሽላትም አይደል?» አለ አባቷ ፊቷን አይቶ።

«እሷ ደወለችልኝ።» ሚጡ ኮቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች። «አባዬ፣ ሸራ ሰፊው መጽሐፉ ውስጥ የለም። ኖሮም አያውቅም። ጀልባዋ ሸራ እንኳን የላትም። እማዬ ናት የጨመረችው።»

«ከራሷ?»

«ከራሷም አይደለም። ካንተ።»

ልብስ ሰፊው የሻይ ብርጭቆውን አየ፣ መላጣውን አየ፣ መልሶ ብርጭቆውን አየ።

«መርፌ በከንፈር መያዙ?» አለ።

«እሱም።»

«ሾርባው?»

«ሾርባውም አባዬ።»

«ሳህኑን ላሰው ያለችውስ?»

«ጠርጎ በላ ለማለት ነው» አለች ሚጡ ነገሩን ለማለዘብ።

መላጣው አፉን በመዳፉ ከድኖ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሚጡ በዓይኗ ልትገታው ሞከረች፤ አልተገታም።

«አንተ» አለ በመጨረሻ ትንፋሹን ሰብስቦ፣ «ወንዝ ውስጥ ይጨመር ያልከው ማን ነበር?»

«ዝም በል።»

«እንዲህ ያለውን ሰው የትኛዋ ሴት ትችለዋለች፣ ያልከውስ? እዚሁ ወንበር ላይ ሆነህ?»

«ዝም በል አልኩህ።»

«ተችሏል እኮ።»

ያኔ ልብስ ሰፊው ሳቀ። ሳቁ መጀመሪያ በአፍንጫው ነው የወጣው፤ ሊደብቀው ወደ መስኮቱ ዞረ፤ ከዚያ ጀርባው መነቅነቅ ጀመረና ጠረጴዛውን ተደግፎ፣ ዓይኑ ፈስሶ፣ እስኪያስለው ሳቀ። ሚጡ አብራ እየሳቀች ታለቅሳለች፤ የትኛው የቱ እንደሆነ የሚለይላት ሰው አልነበረም።

«የምትስቀው በእሱ መስሎኝ» አለ ፊቱን በእጀታው እየጠረገ። «እኔ ደግሞ አብሬ እሰድበዋለሁ። በየቀኑ ፈርጄበታለሁ። ያቺ ሴት እንዴት ቻለችው!»

«አባዬ» አለች ሚጡ ሳቁ ሲበርድ፣ «መጨረሻውን ግን ላመጣልህ አልቻልኩም። የትም የለም።»

«መጨረሻው?» አለ ልብስ ሰፊው። አንድ ነገር ቀስ እያለ ትዝ አለው። «ሸራ ሰፊው የወረደው ለምን እንደነበር ነግሬሻለሁ? ባለ ጀልባዋ አሮጌ ካፖርቱን ብርድ ለመታው መንገደኛ ሰጥታበት ነው። እኔም እውነቱን ነው፣ እኔም ብሆን እወርድ ነበር አልኳት።» መላጣውን አየው። «ያን ዕለት ጠዋት የእኔን ካፖርት ለፖስታ አዳዩ ሰጥታው በሩን አላትሜ ወጥቼ ነበር።»

«እኔ ዘንድ ነው የመጣኸው» አለ መላጣው። «ቀኑን ሙሉ ወንበሬ ላይ ተኮፍሰህ ደንበኛ አባረርክብኝ።»

«እና?» አለች ሚጡ።

«እና ምን? ሲመሻሽ ተመለስኩ። የት እሄዳለሁ? ዳቦ ገዝቼ ተመለስኩ። ምንም አላለችኝም። ዳቦውን ተቀበለችኝ፣ ወንበሯን አስጠጋች፣ ሸራ ሰፊው ተቆጥቶ ከጀልባዋ ወረደ ብላ ጀመረችልኝ። ይመለሳል ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ነገ እነግርሃለሁ አለችኝ።» ጣቱን በብርጭቆው አፍ ላይ አዞረ። «ታውቅ ነበር። ዳቦው እኮ እጇ ላይ ነበር።»

መላጣው ብርጭቆውን በሻይ ሞላለት።

«ተመልሷል» አለ ልብስ ሰፊው። «ሰውየው ተመልሷል።»

በማግስቱ ሚጡ ኮምፒውተሯ ላይ የአባቷን ጥያቄ ከፈተች። ጥያቄ ሲዘጋ ከሁለት አንዱን መምረጥ ግድ ነው፤ «ተሟልቷል» ወይም «አልተገኘም»። «ተሟልቷል» የሚለውን ነካች። ለእመት አውራ ጣትም አጠር ያለ መልእክት ጻፈች፦ ተመልሷል፣ ዳቦ ይዞ፤ ስለ ምሳ ሰዓትሽ አመሰግናለሁ።

መልስ አልጠበቀችም ነበር። በሚቀጥለው ቀን ግን ከዚያው ቤተ መጻሕፍት አዲስ የውሰት ጥያቄ ገብቶ አገኘች፤ ሁሉ ነገር በደንቡ መሠረት ተሞልቷል። የተፈለገው መጽሐፍ፣ ስለ ጀልባዋ የሚተርከው። የተፈለገው ምዕራፍ፣ ሸራ ሰፊው ያለበት። ሌላ የሚገኝበት ቤተ መጻሕፍት፣ የለም። ማስታወሻ በሚለው ቦታ ደግሞ «ባይቻል ቅር አይለኝም። ከተቻለ ግን ከመጀመሪያው ቢሆን» ይላል።

ሚጡ አትማ ይዛው ሄደች። አባቷን በሩ ላይ ከአንዲት ደንበኛ ጋር ስለ እጀታ ርዝመት ሲከራከር አገኘችው፤ ሴትዮዋ ይጠር ትላለች፣ እሱ ክንድሽን አይተሽዋል ወይ ይላል። ደንበኛዋ ተሸንፋ ከሄደች በኋላ ወረቀቱን ሰጠችው። ራሱ አነበበው፤ ወረቀቱን ራቅ አድርጎ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ።

«ይህቺ ባለ ጣቷ ናት?»

«እሷ ናት።»

«ደንቡስ? አንድ ምዕራፍ አይደለም እንዴ ለአንድ ሰው?»

«ሌላውን እኔ እጠይቃለሁ» አለ መላጣው ከወንበሩ። «አባል ነኝ።»

ልብስ ሰፊው ሁለት ጊዜ ጉሮሮውን ጠራረገ። ሚጡ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። «የሾርባውን ነገር እናስቀረው» አለ።

«አይቀርም» አለ መላጣው። «ሾርባው ከቀረ እኔ አልሰማም።»

«ከየት ልጀምር ታዲያ?»

«መጀመሪያ ከመጣበት» አለች ሚጡ።

ልብስ ሰፊው ወደ ጣሪያው አየ። «ጻፊ እንግዲህ። ሸራ ሰፊው ወደዚያች ጀልባ የመጣው ለአንድ ቀን ሥራ ብቻ ብሎ ነበር።»

«ውሸታም» አለ መላጣው። «ለአንድ ቀን ብሎ ትራሱን ይዞ የሚመጣ አለ?»

ልብስ ሰፊው ትንሽ አሰበ። «ትራሱንም ጻፊው» አለ።